ምዕራፍ ሰባት፦ ለጨዋታ ምስክር ቤት

ድጓን በየደብሩ ይማሩታል፤ የሚያስመሰክሩት ግን ጋይንት ቤተልሔም ሄደው ነው። ከደብረ ታቦር ተነሥቶ ወደ ጋይንት የሚወጣ የቆሎ ተማሪ ይህን ጠንቅቆ ያውቃል። ጎጃምም ይማር ወሎ፣ ከየኔታው እግር ሥር ዓመታት ተቀምጦ ዜማውን ከዳር እስከ ዳር ቢያደርሰውም፣ ቤተልሔም ገብቶ በመምህራኑ ፊት እስካልዘለቀው ድረስ የድጓ መምህር ተብሎ ወንበር አይዘረጋም። ዝማሬ መዋሥዕት የሚፈልግ ከዚያው ከደቡብ ጎንደር ሳይወጣ ዙር አምባ ይሄዳል። አቋቋም የሚሻ ጎንደር በአታ ይሻገራል። የዜማው ስልት አንድ ብቻ እንዳልሆነም የታወቀ ነው፤ ቤተልሔም አለ፣ ቆማ አለ፣ አጫብር አለ። ሁሉም የየራሱ መምህር፣ የየራሱ ተከታይ አለው። ተማሪው የማንን ስልት እንደያዘ፣ ማን እንደመሰከረለት ሲጠየቅ ግን መልሱ አንድና ግልጽ ነው።

የእኛ ሊቃውንት አንድ እውቀት ከአገር አገር ሲዞር እንዳይበተን የመጨረሻውን ቃል የሚሰጥ ቤት እንደሚያስፈልግ ቀደም ብለው ተረድተውት ነበር። የዜማው ምልክትም የዚሁ ሐሳብ ውጤት ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል ምልክቱን ሲሠሩ በቃል ብቻ ይተላለፍ የነበረው ዜማ በፊደሉ ራስ ላይ የሚጻፍ ሆነ። መምህሩ ቢሞት ዜማው አብሮት አይቀበርም።

የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ ጨዋታ ነው፤ ገበጣ፣ ሰንጠረዥ፣ ዳማ፣ በስክሪን ላይ የሚደረገውም ግጥሚያ። ዓለም እነዚህን የአእምሮ ስፖርት እያለ መጥራት ከጀመረ ቆይቷል። ቼስን፣ ብሪጅን፣ ዳማንና የቻይናውን ጎ ያቀፈ ዓለም አቀፍ የአእምሮ ስፖርቶች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2005 ተቋቁሞ ከሦስት ዓመት በኋላ ቤጂንግ ላይ የመጀመሪያውን ታላቅ ውድድር አካሂዷል። የእኔ ጥያቄ ግን ከቤጂንግ በጣም የቀረበ ነው፦ ደብረ ታቦር ላይ በጨዋታ የበረታ ልጅ ጉብዝናው የሚመሰከርለት የት ነው?

ከገበጣ እንጀምር፤ ገበጣ የሚገዛ ዕቃ አይጠይቅምና። ፋርጣ ወይም እስቴ ላይ ከብት የሚጠብቁ ልጆች መሬቱን ጎድጎድ ጎድጎድ አድርገው፣ ጠጠር ለቅመው ይቀመጣሉ። በባለ 12ቱ ገበጣ ጉድጓዱ በሁለት ረድፍ ስድስት ስድስት ሆኖ ይቆፈራል፤ በየጉድጓዱ አራት አራት ጠጠር ሲገባ 48 ይሆናል። በባለ 18ቱ ረድፉ ሦስት ነው፤ በየጉድጓዱ ሦስት ሦስት ጠጠር ይገባና ድምሩ 54 ይመጣል። ተጫዋቹ ከአንዱ ጉድጓድ ያለውን ሁሉ አፍሶ በተከታዮቹ ላይ አንድ አንድ እያደረገ ያድላል። በብዙ አካባቢ አጨዋወት የመጨረሻዋ ጠጠር ባዶ ጉድጓድ ላይ ካረፈች ተራው ያልቃል፤ ጠጠር ያለበት ላይ ካረፈች ግን ያንን አፍሶ ይቀጥላል። ስለዚህ ጎበዝ ተጫዋች ጠጠሩን ከማንሣቱ በፊት ጉዞው የት እንደሚቆም በዐይኑ ቆጥሮ ጨርሷል። ነገሩ ቀላል አይደለም። ከአንድ ጉድጓድ የተነሡ አራት ጠጠሮች ሦስትና አራት ጊዜ እየታፈሱ ሜዳውን ዞረው ሊመለሱ ይችላሉ፤ በመጡ ቁጥር ደግሞ የየጉድጓዱ ቁጥር ተለውጦ ይጠብቃቸዋል። እረኛው ልጅ እርሳስ ሳይዝ የሚሠራው ስሌት ይህ ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ ሒሳብ እንደ አዲስ ነገር የሚጀመርለት ለምን እንደሆነ ሁልጊዜ ይገርመኛል።

ሦስት ረድፍ ያለው ገበጣ የአፍሪካ ቀንድ መለያ ነው። የቀረው አፍሪካ በአብዛኛው በሁለት ወይም በአራት ረድፍ ይጫወታል፤ የዛንዚባሩ ባኦ ለምሳሌ ባለ አራት ረድፍ ነው። በመጠራና በይሓ ፍርስራሾች የተገኙት በድንጋይና በሸክላ ላይ የተቦረቦሩ የገበጣ ሜዳዎች ከ6ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው የሚሉ አጥኚዎች አሉ፤ በዚህም በዓለም ላይ ከተገኙት የጥንቶቹ ሊሆኑ ይችላሉ። የታሪክ ሊቁ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 ባሳተመው ጥናት ከኢትዮጵያና ከአካባቢዋ የሰበሰበው የገበጣ ዓይነት ከ100 በላይ ነው።

መቶ ዓይነት ገበጣ መኖሩ ሀብት ነው፤ ውድድር ሲታሰብ ግን ጣጣ አለው። የፎገራና የስማዳ ልጅ ለግጥሚያ ቢቀመጡ መጀመሪያ የሚከራከሩት በሕጉ ላይ ነው። ከየት ይጀመራል? ስንት ሲሞላ ይበላል? መጨረሻ ላይ ሜዳው ላይ የቀረው ጠጠር የማን ነው? በመንደር ውስጥ ይህን የሚፈታው ዙሪያውን የቆመው ተመልካች ነው። ሁለት መንደር ሲገናኝ ግን ተመልካቹም ሁለት ይሆናል።

ለዚህ መልስ የሰጠው የኢትዮጵያ ባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ነው። ገበጣን ባለ 12 እና ባለ 18 ብሎ በሁለት ከፍሎ፣ የመወዳደሪያ ሕግ አውጥቶ፣ ከገና ጨዋታ፣ ከትግል፣ ከፈረስ ጉግስና ከሻህ ጋር በአገር አቀፉ የባህል ስፖርቶች ውድድር ውስጥ አስገብቶታል። ክልሎች ቡድን ይልካሉ፤ ዳኛ ይመደባል፤ ሜዳሊያ ይሰጣል። ገበጣ ላይ የተቀመጠ ሰው የአገር ሻምፒዮን ተብሎ በመዝገብ የሚሰፍርበት ቤት ተገኘ ማለት ነው። ይህ ሥራ ከሚነገርለት በላይ ትልቅ ነው ብዬ አምናለሁ። ይሁን እንጂ አንድ ስጋት አለኝ። ሁለት ሕግ ታትሞ መቶው ሳይጻፍ ከቀረ፣ ከሃምሳ ዓመት በኋላ የምናገኘው ሁለቱን ብቻ ነው። ቤተልሔም የበላይ ሆኖ ሳለ ቆማና አጫብር አልጠፉም፤ የሚያውቋቸው፣ የሚያስተምሯቸው ሰዎች ነበሯቸውና። ፌዴሬሽን ለውድድር አንድ ሕግ መምረጡ ግድ ነው፤ ያልመረጣቸውን መመዝገብም የሥራው ግማሽ መሆን አለበት።

ጨዋታ ጠባቂ ሲያጣ ምን እንደሚሆን ሰንጠረዥ ያሳየናል። የዚህ ታሪክ አንዱ ምዕራፍ ደግሞ ከደብረ ታቦር ጋር የተያያዘ ነው።

ደብረ ታቦር በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በራስ ጉግሣ መርሶ የተቆረቆረች፣ የየጁ መሳፍንት መቀመጫ የነበረች ከተማ ናት። የመጨረሻው የየጁ ራስ፣ ዳግማዊ ራስ ዓሊ፣ እስከ 1845 ዓ.ም ከዚህ ሆነው ገዝተዋል። ዋልተር ፕላውደን የተባለው የእንግሊዝ ቆንስል ወደ ራስ ዓሊ ግቢ የተመላለሰው በዚያ ዘመን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1849 ከራስ ዓሊ ጋር የወዳጅነትና የንግድ ውል ተፈራርሟል። ፕላውደን እ.ኤ.አ. በ1860 ጎንደር አቅራቢያ ከተገደለ በኋላ የተወው ጽሑፍ በ1868 በወንድሙ አማካይነት ታተመ። በመጽሐፉ ውስጥ የሐበሻ ሰንጠረዥ አጨዋወት ይገኛል።

ሜዳው ጥቁርና ነጭ እየተፈራረቀ የተሣለ አልነበረም፤ ቀይ ጨርቅ ላይ ጥቁር ወይም ሰማያዊ ጥብጣብ በቁምና በአግድም ተሰፍቶ ቤቶቹን ይለያል። ንጉሥ አለ፣ ፈርዝ አለ፣ ዝሆን፣ ፈረስ፣ ደርና ወታደሮች አሉ። ፈርዙ እንደ ዛሬዋ የቼስ ንግሥት ሜዳውን አቋርጦ አይሮጥም፤ ከንጉሡ ጎን እየተራመደ የሚጠብቅ አማካሪ ነው። ከሁሉ የሚደንቀው አጀማመሩ ነው። በዛሬው ቼስ ነጩ አንድ ያንቀሳቅሳል፣ ጥቁሩ ይመልሳል። በሰንጠረዥ ግን ወረራ በሚባለው መጀመሪያ ላይ ተራ የለም። ሁለቱም በአንድ ጊዜ፣ የፈለጉትን ያህል፣ አንዱ የሌላውን እጅ እያየ ሠራዊቱን ያሰልፋል፤ ሌላው ሲለውጥ እሱም ይለውጣል። ተራ የሚገባው የመጀመሪያው ጠጠር ከተበላ በኋላ ነው። እንግዲህ የዘመኑ ቼስ ተጫዋቾች ዓመታት የሚያጠፉበት የመክፈቻ ጥናት እዚህ ቦታ የለውም፤ የሚያስፈልገው ዐይንና ትዕግሥት ነው።

አጨራረሱም ክብር አለው። ንጉሡን በፈረስ ወይም በደር ማት ማድረግ እንደ ሞያ አይቆጠርም ነበር፤ የሚሞገሰው በዝሆን፣ ከዚያም በላይ በወታደር ማት ያደረገ ነው። ረዳት አልባ ሆኖ ብቻውን የቀረ ንጉሥ ማት አይደረግም። አንድ ረዳት ብቻ የቀረው እንደሆነ ደግሞ ያ ረዳት ሰባት ጊዜ ከመንቀሳቀሱ በፊት ማት ካልመጣ ጨዋታው አቻ ይወጣል። ተመልካቹ ዝም ብሎ አያይም፤ አሽከሩም ባለሟሉም እየጮኸ ይመክራል። የተሸናፊን ክብር በሕግ የሚጠብቅ ጨዋታ ነው፤ የመሳፍንቱ ዘመን ጦርነት ራሱ ለዚህ ያህል ርኅራኄ አልነበረውም።

ስለ ሰንጠረዥ የደረሱን ወሬዎች ወደኋላ ሩቅ ይሄዳሉ። ዐፄ ልብነ ድንግል ቢቺኒ ከተባለ የቬኒስ ሰው ጋር ይጫወቱ እንደነበር ተጽፏል። ሄንሪ ሶልት በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ራስ ወልደ ሥላሴን በጨዋታ ላይ አግኝቷቸዋል። እቴጌ ጣይቱም ጎበዝ ተጫዋች እንደነበሩ ይነገራል። ከጣልያን ወረራ በኋላ ግን ጨዋታው ፈጥኖ ከሰመ፤ ቦታውን የዓለሙ ቼስ ወሰደው።

የሚቆጨኝ መጥፋቱ ብቻ አይደለም። ሕጉን ዛሬ የምናውቀው ከፕላውደን፣ እ.ኤ.አ. በ1911 ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች ከጻፈው ከፈረንሳዊው ማርሴል ኮሄንና እነዚህን አሰባስቦ ካጠናው ከፓንክረስት ነው። በአማርኛ ተጽፎ፣ ከመምህር ወደ ደቀ መዝሙር ሲወርድ የመጣ የሰንጠረዥ መጽሐፍ የለንም። ድጓ ቤተልሔም ነበረው፤ ሰንጠረዥ የነበረው የመኳንንት አዳራሽ ነው። አዳራሹ ሲፈርስ ጨዋታው አብሮ ፈረሰ።

ቼስ የመጣው ግን የራሱን ቤት ይዞ ነው። ፊዴ የሚባለው የዓለም ቼስ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ሐምሌ 20 ቀን 1924 ፓሪስ ላይ ተመሠረተ። አሠራሩ ከአንድ አገር አንድ ፌዴሬሽን ብቻ ይቀበላል፤ የእኛው የኢትዮጵያ ቼስ ፌዴሬሽን ነው። ኢትዮጵያ ከግብፅ፣ ከኬንያ፣ ከኡጋንዳና ከሌሎች ጎረቤቶች ጋር ዞን 4.2 በሚባለው ምድብ ውስጥ ትገኛለች። ይህ ሁሉ ከደብረ ታቦር የራቀ ይመስላል፤ ሬቲንግ የሚባለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ ሲታይ ግን ቅርብ ነው።

የ15 ዓመት ልጅ እናስብ። ደብረ ታቦር ላይ የሚያሸንፈው የለም። ስልኩ ላይ በቼስ ዶት ኮም ወይም በሊቼስ ከብራዚልና ከሕንድ ሰዎች ጋር ይገጥማል፤ እዚያ ያገኘው ቁጥርም ከፍ ያለ ነው። ያ ቁጥር ግን በፊዴ ዘንድ አይታወቅም። የሚታወቅ ቁጥር ለማግኘት ሬቲንግ ካላቸው ተጫዋቾች ጋር ቢያንስ አምስት ጨዋታ ማድረግ አለበት። ውድድሩ አስቀድሞ በአገሩ ፌዴሬሽን በኩል መመዝገብ፣ ፈቃድ ያለው ዳኛ ሊመራው፣ ውጤቱም በዚያው በፌዴሬሽኑ በኩል መተላለፍ አለበት። ከዚህ በኋላ ነው ስሙና ቁጥሩ በዓለም ዝርዝር ላይ የሚወጣው። ከመጋቢት 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደግሞ የመነሻው ወለል 1400 ሆኗል፤ ከዚያ በታች የሆነ አፈጻጸም ቁጥር አያሰጥም።

አንድ ጊዜ ከገባ በኋላ ስሌቱ ለሚደክም ልጅ ያደላል። ልጁ 1500 ቢኖረውና 1700 ካለው ሰው ጋር ቢገጥም፣ ስሌቱ የሚጠብቅበት ከአንድ ነጥብ 0.24 ብቻ ነው። ካሸነፈ ከሚጠበቅበት 0.76 አልፏል፤ ይህ ለወጣት ተጫዋች በተመደበው 40 ሲባዛ 30 ነጥብ ገደማ ይጨመርለታል። ቢሸነፍ የሚቀነሰው 10 ገደማ ነው። ማንም ዘመድ፣ ማንም ባለሥልጣን ይህን ቁጥር ሊያሳድግለት ወይም ሊያጎድልበት አይችልም። በአገራችን ለአንድ ድሀ ልጅ እንዲህ ያለ ሚዛን ስንት ቦታ ይገኛል?

ሚዛኑ ፊት ለመቅረብ ግን በሩ ጠባብ ነው። ደብረ ታቦር ላይ ሬቲንግ ያለው ተጫዋች ከሌለ አምስቱን ጨዋታ ከማን ጋር ያደርጋል? ወይ እሱ ወደ ባሕር ዳር መሄድ አለበት፤ መንገዱ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወይ አዲስ አበባ ድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ አለበት። ካልሆነም ሬቲንግ ያላቸው ጥቂት ሰዎችና አንድ ዳኛ ወደ እሱ መምጣት አለባቸው። ሦስተኛው መንገድ ከሁሉ ይረክሳል። አሥር ልጅ አሳፍሮ ከመውሰድ አምስት ሰው ማምጣት ይቀላል፤ አምስቱ ሰዎች በጥቂት ቀን ውስጥ አሥሩንም ወደ መዝገቡ ሊያስገቧቸው ይችላሉ። የአንድ አገር ፌዴሬሽን ጥንካሬ የሚለካው ለቼስ ኦሎምፒያድ በሚልከው ቡድን ብቻ አይደለም፤ እንዲህ ያለ ጉዞ በዓመት ስንት ጊዜ አዘጋጀ በሚለውም ጭምር ነው።

ስልኩ አለላቸው አይባል። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መንገዱም በክልሉ በተነሣው ግጭት ምክንያት እንደ ቀድሞው አይደለም። ሜዳና ጠጠር ግን ኔትወርክ አይፈልግም፤ አንድ ዳኛ በሰፈር ውስጥ ካለ ውድድሩ በሰፈር ይካሄዳል። ስለዚህ ለእንዲህ ዓይነቱ ዘመን የሚጠቅመው ከአዲስ አበባ ተጉዞ የሚመጣ ዳኛ ሳይሆን እዚያው የሚኖር ዳኛ ነው። የዳኝነት ሥልጠና ለአንድ ዞን ሁለትና ሦስት መምህራን መስጠት የማይቻል ነገር አይደለም።

ከእኛው የቼስ ዞን ምሳሌ ልጥቀስ። የኡጋንዳዋ ፊዮና ሙቴሲ በካምፓላ ካትዌ ከሚባል የድሆች ሰፈር ናት። ሮበርት ካቴንዴ የሚባል አሠልጣኝ ሰፈሯ ውስጥ ሕጻናትን ሰብስቦ ቼስ ያስተምር ነበር። ልጅቷ ከዚያ ወጥታ እ.ኤ.አ. በ2010 በሩሲያ ኦሎምፒያድ አገሯን ወከለች፤ ከ2012ቱ የኢስታንቡል ኦሎምፒያድ በኋላም የሴቶች እጩ ማስተር ማዕረግ አገኘች። ሰው ሁሉ የሚያወራው ስለ ልጅቷ ተሰጥኦ ነው፤ እውነትም ተሰጥኦ ነበራት። ነገር ግን ካቴንዴ ሰፈሯ ባይገባ፣ ፌዴሬሽኑም ስሟን መዝግቦ ባይልካት ተሰጥኦዋን ማን ያውቅ ነበር? በዚሁ ዞን ግብፃዊው ባሴም አሚን፣ በሞያው ሐኪም የሆነ ሰው፣ ከአፍሪካ 2700ን በማለፍ የመጀመሪያው ሆኗል። ከአካባቢያችን ታላቅ ተጫዋች አይወጣም የሚል ካለ መልሱ ይኸው ነው።

ገበጣችንስ እስከ የት ሊደርስ ይችላል? ለዚህ ካዛክስታንና ኪርጊዝስታንን መመልከት ይበቃል። እነሱም ገበጣ አላቸው፤ በእያንዳንዱ ተጫዋች በኩል ዘጠኝ ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ ዘጠኝ ጠጠር፣ በድምሩ 162 ጠጠር። የከብት አርቢ ሕዝብ ጨዋታ ነው፤ እንደኛው ልጆች መሬት ቆፍረው ይጫወቱታል። ሕጉን አንድ አደረጉ፣ ፌዴሬሽን አቋቋሙ፣ ትምህርት ቤት አስገቡት፣ የዓለም ሻምፒዮና አዘጋጁለት። እ.ኤ.አ. ከ2014 ጀምሮ በተካሄደው የዓለም ዘላኖች ጨዋታዎች ውስጥም ቦታ አገኘ። በ2020 ከቱርክ ጋር ሆነው በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፈሩት። እኛ በዚያ መዝገብ ላይ መስቀልን፣ ፍቼ ጨምበላላን፣ ገዳን፣ ጥምቀትን አስመዝግበናል፤ የሚያኮራ ነው። ከጨዋታዎቻችን ግን አንድም የለም። ባለ ሦስት ረድፉ ገበጣ የማይገባበት ምክንያት አይታየኝም።

ዳማን በአጭሩ ልለፈው፤ ዕጣው አሳዛኝ ስለሆነ እንጂ ሳይገባው ቀርቶ አይደለም። በየከተማው ጥላ ሥር፣ በካርቶን ላይ በተሣለ ሜዳ፣ የአንዱ ቆርኪ በፊቱ የሌላው በጀርባው ተደርድሮ ሲጫወቱት የማያውቅ ኢትዮጵያዊ የለም። ሁለት ቆርኪ ተደራርቦ ሲነግሥ ዙሪያውን የቆመው ሁሉ ይጮሃል። የዓለም ዳማ ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1947 ጀምሮ አለ፤ ዋናው ውድድሩ የሚካሄደው ግን ባለ 100 ቤት ሜዳ ላይ ነው፤ የእኛ ካርቶን ባለ 64 ነው። ልዩነቱ በአንድ ሳምንት ልምምድ የሚገፋ ነበር።

ከሁሉ የሚከብደው የስክሪኑ ጨዋታ ነው። ፕሌይስቴሽን ቤት ያልገባበት የኢትዮጵያ ከተማ ማግኘት አስቸጋሪ ነው። ወጣቶች በጨዋታ እየከፈሉ ኳስ ይገጥማሉ፤ ብዙ ቦታ የተሸነፈ ይከፍላል። እጃቸው ፈጣን፣ ዐይናቸው ንቁ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሐንግዡ ላይ በተካሄደው የእስያ ጨዋታዎች ኢ-ስፖርት እንደ ቼስ ሁሉ ሜዳሊያ ተሰጥቶበታል። ነገር ግን እዚህ ላይ የበላይ አካል የሚባለው ነገር መሠረቱ ይለያል። ቼስ ባለቤት የለውም፤ ገበጣም የለውም። የስክሪኑ ጨዋታ ግን የኩባንያ ንብረት ነው። ፊፋ እያልን የምንጠራው ጨዋታ ሠሪው ኢኤ በ2023 ስሙን ሲለውጠው ማንንም የአገር ፌዴሬሽን አላማከረም፤ ነገ ሕጉን ቢለውጥ ወይም ጨርሶ ቢዘጋውም የሚከለክለው የለም። በዓለም ደረጃም አንድ ቤት የለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሴኡል ላይ የተቋቋመ ፌዴሬሽን አለ፤ በ2019 ሲንጋፖር ላይ የተቋቋመ ሌላም አለ፤ ሁለቱም ከየአገሩ አባል ይሰበስባሉ። የዓለም አቀፉ ኦሎምፒክ ኮሚቴ በ2024 ከሳዑዲ ዓረቢያ ጋር የኢ-ስፖርት ኦሎምፒክ ለማዘጋጀት ቢስማማም በቀጣዩ ዓመት ስምምነቱ ተቋርጧል።

ስለዚህ አንድ አገር ለኢ-ስፖርት አካል ሲያቋቁም ከቼስ ፌዴሬሽን የተለየ ሸክም ይቀበላል። ሕጉን ኩባንያው ስለሚያወጣ የሚቀረው ተጫዋቹን መጠበቅ ነው፦ ዕድሜውን፣ የሽልማት ገንዘቡን፣ ከቁማር መራቁን፣ ትምህርቱን። የቼስን መተዳደሪያ ደንብ ስሙን ለውጦ መገልበጥ እዚህ አይሠራም። የሚሻለው መንገድ የራስን ጨዋታ መሥራት እንደሆነ አምናለሁ። አዲስ አበባ ላይ ቅኔ ጌምስ የተባለው ድርጅት ኩኩሉን ከሠራ በኋላ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩቱን ጋፋት ብሎ ሰይሞታል፤ በዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ሴባስቶፖል የተባለው መድፍ በተሠራበት ቦታ ስም። እዚያ የሚማሩ ልጆች የስማዳን፣ የእብናትን፣ የደራን ገበጣ እያንዳንዱን በየሕጉ በኮምፒውተር ቢያስቀምጡት ባለቤቱ አገር የሆነ ኢ-ስፖርት መሠረት ይጣላል። ለዚህ የሚያስፈልገው እውቀት አስቀድሞ እረኞቹ ዘንድ አለ።

በኢትዮጵያ የስፖርት አደረጃጀት ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ አገር አቀፍ ይወጣል። የአገር አቀፉ ፌዴሬሽን ጠቅላላ ጉባኤ የሚቆመው በክልሎች ድምፅ ነው። ከታች ክለብ ከሌለ ከላይ የሚቀመጠው ወንበር የሚወክለው ሰው አይኖረውም። ስለዚህ አዲስ አበባ ያለውን ቢሮ ብቻ መጠየቅ ፍትሕ አይደለም፤ ዞኑም ወረዳውም የድርሻው አለበት።

ይህን ምዕራፍ የምታነቡ የጋይንት፣ የእስቴ፣ የፋርጣ መምህራን፣ በመጪው የእረፍት ጊዜ አንድ ደብተር ያዙና በሰፈራችሁ ገበጣ የሚችሉ ሽማግሌዎችንና እረኞችን አስቀምጣችሁ ጠይቁ። ስንት ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ ስንት ጠጠር፣ ከየት ተጀምሮ ወዴት ይዞራል፣ ስንት ሲሞላ ይበላል፣ የቀረው ጠጠር የማን ይሆናል፤ ሁሉንም ጻፉ፤ የቀበሌውንና የወረዳውን ስም ከላይ አስፍሩ። አንዱን ቅጂ ለትምህርት ቤታችሁ ቤተ መጻሕፍት፣ አንዱን ለዞኑ ስፖርት መምሪያ፣ አንዱን ለባህል ስፖርቶች ፌዴሬሽን ላኩ።